የጥበብ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ሲጋራ ማጨስና ማገገም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ብዙዎች የጥበብ ጥርስ የሚሉት የመጨረሻው መንጋጋ አብዛኛውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ይወጣል። በቂ ቦታ ሲያጣ በድድ ወይም በአጥንት ውስጥ ተጋድሞ ስለሚቀር፣ ድዱ እየተቆጣ ወይም የጎረቤቱን ጥርስ እየጎዳ በቀዶ ሕክምና እንዲወገድ የሚያስገድድበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ይህ ዕድሜ ብዙ ሰው ከሲጋራ ጋር የሚተዋወቅበትም በመሆኑ የጥርስ ሐኪሞች ከሚቀርቡላቸው ጥያቄዎች መካከል ስለ ማጨስ የሚነሱት በርካታ ናቸው። ከዚህ በታች የቀረቡት መልሶች አጠቃላይ መረጃ ናቸው፤ ጥርስዎን የነቀለው ሐኪም የሰጠዎት የተለየ መመሪያ ካለ ቅድሚያ የሚሰጠው ለእርሱ ነው።

ጥርሱ ከተነቀለ በኋላ ለስንት ጊዜ ከሲጋራ መራቅ አለብኝ?

ቢያንስ ለ72 ሰዓት፣ ማለትም ለሦስት ሙሉ ቀናት ነው። ይህ ግን ዝቅተኛው ልክ እንጂ የሚመከረው አይደለም። የሚመከረው ከ7 እስከ 10 ቀን መታቀብ ሲሆን፣ ጥርሱ የታችኛው መንጋጋ ከሆነ፣ አጥንት ተቦርቡሮ ከወጣ ወይም ድዱ ከተሰፋ ሁለት ሳምንት መታገሥ የተሻለ ነው። ድዱ ጉድጓዱን ከላይ ሸፍኖ ለመዝጋት ሦስት ወይም አራት ሳምንት ይፈጅበታል፤ ከሥር ያለው አጥንት ደግሞ ሞልቶ የሚጠነክረው በወራት ነው። ስለዚህ «ሦስት ቀን አለፈ፤ ድኛለሁ» ብሎ ማሰብ ትክክል አይደለም። ሦስቱ ቀናት ካለፉ በኋላ አደጋው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

ሲጋራ ቁስሉን የሚጎዳው እንዴት ነው?

ጥርሱ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በጉድጓዱ ውስጥ ደም ይረጋል። ይህ የረጋ ደም ባዶ የቀረውን አጥንትና የነርቭ ጫፎችን ከአየር፣ ከምራቅና ከምግብ ፍርፋሪ ይጋርዳል፤ አዲሱ ሥጋ የሚያድገውም በእርሱ ላይ ነው። ማገገም ሁሉ የተመሠረተው በዚህች ቁራጭ የረጋ ደም ላይ በመሆኑ፣ የሲጋራን ጉዳት ለመረዳት በእርሷ ላይ የሚያደርሰውን መመልከት ይበቃል።

ኒኮቲን የደም ሥሮችን ያጠባል። ወደ ጉድጓዱ የሚደርሰው ደም ሲቀንስ ደሙ በሚገባ አይረጋም፤ ለጥገናው የሚያስፈልጉት ሕዋሳትና ንጥረ ነገሮችም በበቂ መጠን አይደርሱም። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ነው፤ ስለዚህ ቁስሉ ጋ የሚደርሰው ጥቂት ደምም ቢሆን የሚሸከመው ኦክስጅን የተጓደለ ይሆናል። የጭሱ ሙቀትና በውስጡ ያሉት በርካታ ኬሚካሎች ገና ያልተሸፈነውን ቁስል በቀጥታ ይቆጠቁጡታል። በመጨረሻም ጭሱን ለመሳብ ጉንጭን ወደ ውስጥ መሳብ ግድ ነው፤ ይህ ስበት የረጋውን ደም ከቦታው ሊያነሣው ይችላል። ሐኪሞች በስትሮ መጠጣትንና በኃይል መትፋትን የሚከለክሉትም በዚሁ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላ ጉዳይ አለ። የታችኛው መንጋጋ ሲደነዝዝ ከንፈርና ምላስ ለሰዓታት ስሜት አይኖራቸውም፤ በዚህ ጊዜ የሚያጨስ ሰው ከንፈሩን ቢያቃጥል እንኳ ላያውቀው ይችላል።

«ደረቅ ጉድጓድ» ወይም «ድራይ ሶኬት» የሚባለው ምንድን ነው? አጫሾችን ለይቶ ያጠቃል?

የረጋው ደም ሳይጸና ሲቀር፣ ሲሟሟ ወይም ተነሥቶ ሲወድቅ አጥንቱ ራቁቱን ይቀራል። ደረቅ ጉድጓድ የሚባለው ይህ ሁኔታ ነው። በዋነኛነት የሚታወቀው በሕመሙ ጊዜ ነው፦ የተለመደው የቁስል ሕመም ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ቀስ በቀስ እየቀለለ መሄድ ሲገባው፣ ደረቅ ጉድጓድ የያዘው ሰው ግን ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ሕመሙ እንደ አዲስ ይነሣበታል፤ ወደ ጆሮ፣ ወደ ዓይን አካባቢ ወይም ወደ አንገት ይዘልቃል፤ የተለመደው ማስታገሻም አይመልሰውም። ከዚህ ጋር መጥፎ ጠረንና የሚመር ጣዕም ይኖራል። በመስተዋት ሲታይ ጉድጓዱ ጥቁር ቀይ መሆኑ ቀርቶ ባዶ ሆኖ ነጣ ያለ አጥንት ሊታይበት ይችላል።

ከተለመደ የጥርስ መንቀል በኋላ የሚገጥመው ከመቶ ሰው ከአንድ እስከ አምስቱን ነው። የታችኛው የጥበብ ጥርስ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ግን ቁጥሩ ከዚህ በብዙ ይጨምራል። ማጨስ ሲታከልበት ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመና በቀዶ ሕክምና የወጡ 400 የጥበብ ጥርሶችን የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው፣ በቀን ግማሽ ፓኮ በሚያጨሱ ሰዎች ላይ ደረቅ ጉድጓድ የተከሰተው ከማያጨሱት ከአራት እስከ አምስት እጥፍ በሚበልጥ መጠን ነው፤ በቀዶ ሕክምናው ዕለት ወይም በማግስቱ ባጨሱት ላይ ደግሞ ወደ 40 በመቶ ደርሷል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶችን ያሰባሰቡ ግምገማዎችም የአጫሾች ዕድል ከማያጨሱት ሦስት እጥፍ ያህል እንደሆነ ይስማማሉ። ከእነዚህ ቁጥሮች መያዝ ያለበት ዋናው ነገር የማጨሻው ጊዜ ነው፤ ከሁሉ የከፋው ሲጋራ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጨሰው ነው።

ደረቅ ጉድጓድ እጅግ ያሠቃያል እንጂ ለሕይወት የሚያሰጋ አይደለም፤ በአግባቡ ሲታከም በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሻላል። ሐኪሙ ጉድጓዱን በጨዋማ ውሃ አጥቦ መድኃኒት የተነከረበት ማሸጊያ ያስቀምጥበታል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ሕመሙን በሰዓታት ውስጥ ያበርደዋል። ችግሩ በመሠረቱ የመመርቀዝ ስላልሆነ፣ አንቲባዮቲክ ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ ገዝቶ መዋጥ አይፈውሰውም።

ጉድጓዱን በጎዝ ሸፍኜ ወይም ጭሱን በቀስታ እየሳብኩ ባጨስስ?

ጎዝ የስበቱን ኃይል በመጠኑ ሊቀንሰው ይችል ይሆናል፤ ኒኮቲኑንና ካርቦን ሞኖክሳይዱን ግን አያግዳቸውም፤ እነርሱ ቁስሉን የሚያገኙት በሳንባ በኩል ወደ ደም ገብተው ነውና። በዚያ ላይ ጎዙን እያወጡ ማስገባት ራሱ የረጋውን ደም ይዞት ሊመጣ ይችላል። ይህ ምክር ከሰው ወደ ሰው በስፋት ቢተላለፍም ሊታመኑበት የሚገባ መከላከያ አይደለም።

ሺሻ፣ ጋያ፣ ቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ወይም ሱረት ከሲጋራ ይሻላሉ?

ለዚህ ቁስል አይሻሉም። ሺሻና ጋያ ጭሱን በውሃ ውስጥ ስለሚያሳልፉ የቀለሉ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የሚጠይቁት የመሳብ ኃይል ከሲጋራው ይበልጣል፤ አንድ ጊዜ ከተቀመጡበትም ብዙ ጊዜ የሚነሡት ከረጅም ቆይታ በኋላ ነው፤ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድም ከፍተኛ ነው። በኢትዮጵያ ሺሻ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። ቬፕ የሚቃጠል ትምባሆ ባይኖርበትም ኒኮቲኑና ስበቱ እንዳሉ ናቸው፤ ስለዚህ የመታቀቢያው ጊዜ ከሲጋራ ጋር አንድ ነው። ሱረትና ሌላ በአፍ የሚያዝ ትምባሆ ደግሞ ትምባሆውን በቀጥታ ከድድ ጋር ያገናኘዋል፤ ብናኙ ወደ ጉድጓዱ ሲገባም በቀላሉ አይወጣም።

ጫት ከቃምኩ በኋላ ነው የማጨሰው። ሲጋራውን ትቼ ጫቱን ብቻ ብቅምስ?

ይህ ጥያቄ በአገራችንም ሆነ በውጭ በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ የሚነሣ በመሆኑ ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል። ጫት ቁስሉን በሦስት መንገድ ይጎዳል። አንደኛ፣ ለሰዓታት የሚዘልቀው ማላመጥ ዕረፍት የሚያስፈልገውን መንጋጋ ያደክማል፤ በጉንጭ የሚያዘው ቅጠልም ቁስሉን ይፈትገዋል፤ ፍርፋሪው ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል። ሁለተኛ፣ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር የደም ሥሮችን ያጠባል፤ አፍንም ያደርቃል፤ ምራቅ ሲያንስ ደግሞ አፍ ራሱን ማጽዳት ያቅተዋል። ሦስተኛውና በተግባር ከባዱ፣ ለብዙ ሰው ጫትና ሲጋራ የማይለያዩ ልማዶች መሆናቸው ነው፤ ምርቃናው ሲመጣ የሲጋራው ፍላጎት አብሮ ይመጣል። «እቅማለሁ እንጂ አላጨስም» ብሎ የተቀመጠ ሰው ቃሉን ሳይጠብቅ የሚቀርበት ጊዜ የሚበዛውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ቢያንስ ለአንድ ሳምንት፣ ቢቻል ለሁለት ሳምንት መተው ያስፈልጋል። ጥርሱ የሚነቀልበትን ቀን ሲመርጡም የሰርግ ወይም የተለመደ የመቃሚያ ጊዜ ያልቀረበበትን ሳምንት ቢመርጡ ይረዳዎታል።

አንድ ሲጋራ አጭሻለሁ። አሁን ምን ላድርግ?

አይደንግጡ፤ አንድ ሲጋራ ያጨሰ ሁሉ ደረቅ ጉድጓድ አይዘውም። ዋናው ነገር ሁለተኛውን አለመድገም ነው። ጉድጓዱን በጣት፣ በምላስ ወይም በስንጥር አይነካኩት፤ ለማጽዳት ብለውም በኃይል አይጉመጥመጡ። ጥርሱ ከወጣ 24 ሰዓት ካለፈ፣ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠው አፍዎ ውስጥ በቀስታ ካንቀሳቀሱት በኋላ ሳይተፉት ራስዎን ዘንበል አድርገው እንዲፈስ ይተዉት። ደም ከጀመረዎት ንጹሕ እርጥብ ጎዝ በቦታው አድርገው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሳያላምጡ ይንከሱት። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ሕመሙ እየቀነሰ ከሄደ ምንም የሚያሰጋ ነገር የለም፤ እየጨመረ ከመጣ ወደ ሐኪምዎ ይመለሱ፤ ማጨስዎንም ይንገሩት።

አጫሽ መሆኔን ለሐኪሙ መንገር ግዴታዬ ነው? ቤተሰቤ አብሮኝ ቢገባስ?

በሚገባ መንገር አለብዎት። በኢትዮጵያ ትምባሆ የሚጠቀመው ሰው ከሌሎች አገሮች ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው አገር አቀፍ የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት ማንኛውንም ዓይነት ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ፣ ከወንዶች 8.1 በመቶ፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ቁጥሩ ማነሱ መልካም ቢሆንም በሌላ በኩል አጫሹ፣ በተለይም አጫሽዋ፣ ከወላጅ፣ ከትዳር ጓደኛና ከሐኪምም ጭምር እንዲደበቁ የሚያደርግ የነቀፋ ጫና አለ። የዚህ ድብቅነት ዋጋ በጥርስ ወንበር ላይ ይከፈላል። ሐኪሙ ሳያውቅ ሲቀር የክትትል ቀጠሮውን አያቀርበውም፤ ደረቅ ጉድጓድን ለመቀነስ የሚረዳውን ክሎርሄክሲዲን የተባለ የጀርም መከላከያ መጉመጥመጫ ወይም ጄል ለማዘዝ ላያስብ ይችላል፤ ማደንዘዣው ሙሉ ሰመመን ከሆነ ደግሞ የአጫሽ ሳንባ የተለየ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው ሳያውቅ ይገባበታል።

እናትዎ ወይም አባትዎ አብረውዎት ከመጡ ሐኪሙን «ለብቻዬ አንድ ነገር ላነጋግርዎት እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል። የታካሚን ምሥጢር መጠበቅ የሐኪሙ የሙያ ግዴታ ነው። በስንት ዓመትዎ እንደጀመሩ መናዘዝ አይጠበቅብዎትም፤ የሚያስፈልገው በቀን ስንት እንደሚያጨሱና የመጨረሻውን መቼ እንዳጨሱ ማወቅ ነው። የእርግዝና መከላከያ እንክብል የሚወስዱ ሴቶችም ይህንኑ ቢናገሩ መልካም ነው፤ እንክብሉ በራሱ የደረቅ ጉድጓድን ዕድል ሊጨምር እንደሚችል የሚያሳዩ ጥናቶች አሉና።

ከመነቀሉ በፊት ማቆምስ ይጠቅማል?

አዎ፤ ጊዜው በረዘመ ቁጥር ጥቅሙ ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ከቀዶ ሕክምና አራት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ማቆም በኋላ የሚመጡ ችግሮችን እንደሚቀንስ ይመክራል። ይህን ያህል ጊዜ ከሌለዎት አንድ ቀን እንኳ ትርጉም አለው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ የሚወስድበት ጥቂት ሰዓታት ብቻ ነውና። «ከዚህ በኋላ ስለማላጨስ» ብሎ በክሊኒኩ በር ላይ ሁለትና ሦስት ማጨስ ግን ደሙ በሚረጋባቸው ሰዓታት ኒኮቲኑን በደም ውስጥ ይዞ መግባት ነው።

የሲጋራው አምሮት ሲበረታብኝ እንዴት ልቋቋመው? የኒኮቲን ፕላስተር መጠቀም እችላለሁ?

አስቸጋሪው እውነታ የሲጋራ አምሮት ከሁሉ የሚበረታው ካቆሙ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሁለትና ሦስት ቀናት መሆኑ ነው፤ ቁስሉም ከሁሉ ይልቅ ጥበቃ የሚፈልገው በእነዚሁ ቀናት ነው። ይህን አስቀድሞ አውቆ መዘጋጀት ይገባል እንጂ በጽናት ብቻ እወጣዋለሁ ብሎ መግባት ብዙዎችን አላዋጣም።

በቆዳ ላይ የሚለጠፈው የኒኮቲን ፕላስተር ከማጨስ በእጅጉ ይሻላል። ኒኮቲን ስላለው ከጉዳት ሙሉ በሙሉ ነፃ ባይሆንም ስበት፣ ሙቀትና ካርቦን ሞኖክሳይድ የሉበትም። በቀን ከ10 ሲጋራ በላይ የሚያጨስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በ21 ሚሊግራሙ፣ 10 እና ከዚያ በታች የሚያጨስ ደግሞ በ14 ሚሊግራሙ ይጀምራል፤ ሆኖም የልብ ሕመም ያለባት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ታካሚ ሐኪም ሳታማክር መጠቀም የለባትም፤ የልብ ሕመምተኛ ወንድም እንዲሁ። የኒኮቲን ማስቲካ ማላመጥን ስለሚጠይቅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይመረጥም። የዓለም ጤና ድርጅት እነዚህን የኒኮቲን መተኪያዎች እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አካቷቸዋል። በአሜሪካና በብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚኖሩ አንባቢዎች ፕላስተሩን ያለ ማዘዣ ከፋርማሲ ሊያገኙት ይችላሉ፤ በአገር ቤት ግን በየፋርማሲው ላይገኝ ስለሚችል ከቀጠሮው ቀን በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ፕላስተር ላላገኘ ሰው የሚረዳው አምሮቱ አንዴ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደሚያልፍ ማወቅ ነው። በዚያች ጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ በቀስታ መጎንጨት፣ ከተቀመጡበት ተነሥቶ መንቀሳቀስና ከሚያጨሱ ጓደኞች ጋር ለጥቂት ቀናት አለመገናኘት ይጠቅማል። ፓኮውን ከቤት ማውጣትም እንደ ትንሽ ነገር መታየት የለበትም።

ምን ልብላ? ቡናስ?

በመጀመሪያው ቀን ለብ ያለ ወይም ቀዝቃዛና ለስላሳ ነገር፦ አጥሚት፣ እርጎ፣ የተፈጨ ሙዝ፣ የቀዘቀዘ ሾርባ። በማግስቱ በርበሬ የሌለው ሽሮ አልጫ፣ የተቀቀለ ድንችና እንቁላል መጨመር ይቻላል። ቆሎ፣ ፈንድሻና ዳቦ ቆሎ ለሁለት ሳምንት ያህል ቢቀሩ ይሻላል። ትኩስ ቡና በመጀመሪያው ቀን አይጠጣም፤ ከዚያ በኋላ ለብ ብሎ መጠጣት ይቻላል። ቡናው ሲፈላ ሲጋራ የሚያምረው ሰው ግን ለአንድ ሳምንት በሻይ ቢተካው ራሱን ይረዳል። አልኮል ደሙን ሊያስነሣ፣ የማጨስ አምሮትን ሊቀሰቅስና ከመድኃኒት ጋር ሊጋጭ ስለሚችል፣ በተለይ ሜትሮኒዳዞል የተባለው አንቲባዮቲክ ከታዘዘ፣ ፈጽሞ መወገድ አለበት።

ቅርንፉድ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም አረቄ ጉድጓዱ ላይ ማድረግ ይቻላል?

አይመከርም። ሐኪሞች ለደረቅ ጉድጓድ ከሚጠቀሙባቸው ማሸጊያዎች መካከል ከቅርንፉድ የሚገኘው ዩጂኖል ያለባቸው መኖራቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን የተመጠነና በሐኪም እጅ የሚቀመጥ ነው። ደቅቆ የተጨመረ ቅርንፉድ ፍርፋሪው ይቀራል፤ ነጭ ሽንኩርትና አረቄ ደግሞ ገና ያልዳነውን ሥጋ ያቃጥላሉ። ለሕመሙ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን በሐኪሙ ትእዛዝ መሠረት በቂ ናቸው፤ የጨጓራ ሕመም ያለበት ሰው ግን አይቡፕሮፌን ከመውሰዱ በፊት ይህን መናገር አለበት። አስፕሪን ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ ለሕመም ማስታገሻነት አይመረጥም።

ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ቢያጨስ ይጎዳኛል?

ጉዳቱ ራስዎ ከማጨስ ያነሰ ነው፤ የመሳብ ኃይሉ የለበትምና። ሆኖም ጭሱ ለማንም የማይበጅ ከመሆኑም ሌላ አምሮትዎን ስለሚቀሰቅስ፣ የሚያጨሰው የቤተሰብ አባል ለእነዚህ ቀናት ከቤት ውጭ እንዲያጨስ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በምን ምልክት ነው ሳልውል ሳላድር ወደ ሐኪም መሄድ ያለብኝ?

እብጠት እስከ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን መጨመሩ የተለመደ ነው፤ ከዚያ በኋላም እየጨመረ ከሄደ ግን የተለመደ አይደለም። በጎዝ ደጋግመው ነክሰውት የማይቆም ደም፣ ትኩሳት፣ መግል፣ ከቀን ወደ ቀን የሚብስ ሕመም፣ ወይም ማደንዘዣው ካለፈ በኋላም በከንፈር፣ በአገጭ ወይም በምላስ ላይ የቀረ መደንዘዝ ካለ ጥርሱን ወደነቀለው ሐኪም በዚያው ቀን ይሂዱ። መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረዎት፣ እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ ወይም አፍዎ አልከፈት ካለ ደግሞ ክሊኒኩ እስኪከፈት አይጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ የወሰዷቸውን መድኃኒቶች ይዘው፣ ጥርሱ የወጣበትን ቀንና ካጨሱም መቼ እንዳጨሱ ለተረኛው ሐኪም ይንገሩት።